"የልጅሽን የአንጎል ኬሚካል በምስል እናያለን" አሉኝ፤ እውነት ይታያል?

ማለዳ (ጥያቄውን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለው የተነገረን 4 ዓመት ሲሞላው ነው። ይናገራል፣ ግን ደስ ሲለው ነው። ድንገተኛ ድምፅ ከሰማ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ራሱ የመረጠው ድምፅ ከሆነ ግን ሃምሳ ጊዜ ቢሰማውም አይሰለቸውም።

በዚህ ወር ሁለት ነገር ተደራረበብኝ። መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለ፣ ቀይና ሰማያዊ የበዛበት የአንጎል ምስል እያሳየኝ "ኦቲዝም የኬሚካል መዛባት ነው፤ አንጎሉን አንስተን የጎደለውን እናውቃለን፣ ከዚያ የጎደለውን መሙላት ብቻ ነው" አለኝ። የመኪና ዘይት አስመሰለው። በሳምንቱ ደግሞ ከአንድ የምርምር ቡድን ደብዳቤ መጣ። እነሱም በኤምአርአይ ማሽን የልጆችን የአንጎል ኬሚካል እየለኩ እንደሆነና ልጄ ቢሳተፍ ደስ እንደሚላቸው ይናገራል። ታች ላይ ግን "ለወላጆች የግል ውጤት አንሰጥም" የሚል አለበት።

ማሽኑ አንድ ነው። አንዱ ሁሉን ነገር እነግርሻለሁ ይላል፣ ሌላው ምንም አልነግርሽም ይላል። ማንን ልመን? እባካችሁ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ጎረቤት አስረዱኝ።

ማግኔት ቤት

እህቴ ማለዳ፣ ኤምአርአይ ላይ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ ማሽኑ እኔ ልንገርሽ፣ ስለ ኦቲዝሙ ሌሎች ይመለሱበት።

መጀመሪያ በዚያ ቀይና ሰማያዊ አትደንግጪ። ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተር ነው። ተራው ኤምአርአይ በዋናነት የሚያየው ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው፤ ቅርጽ ያሳያል፣ ዕጢ ካለ ያሳያል፣ ደም ከፈሰሰ ያሳያል። ጋባ (ነርቭ ሴሎችን የሚያረጋጋ የአንጎል ኬሚካል ነው) ስንት ነው ብትዪው ግን ዝም ነው መልሱ።

ኬሚካል ለመለካት በዚያው ማሽን ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ሃሳቡ እንዲህ ነው፦ ሃይድሮጅን በየትኛው ሞለኪውል ላይ እንደተቀመጠ የሚሰጠው ምልክት በጥቂቱ ይለያያል። እንደ ሬዲዮ ጣቢያዎች አስቢው፣ እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ሞገድ አለው። ችግሩ ውሃው ከምንፈልጋቸው ኬሚካሎች በብዙ ሺህ እጥፍ ይበዛል። ስታዲየም ሙሉ ሰው እየጮኸ የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የውሃውን ጩኸት እናጠፋለን፣ ከዚያ እናዳምጣለን።

የሚወጣውም ምስል አይደለም! ይሄን ልብ በይ። ተራራ ተራራ ያለው አንድ መስመር ነው። ረጅሙ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ኤንኤኤ ነው፣ ነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ቀጥሎ ክሬአቲን፣ ከጎኑ ኮሊን አለ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጋባስ የት አለ? ክሬአቲኑ ሥር ተደብቋል። እሱን ለማውጣት ሁለት ዓይነት ልኬት እናደርጋለን፣ አንደኛው ጋባን ለይቶ የሚነካ፣ ሌላው የማይነካ። ከዚያ አንዱን ከሌላው እንቀንሳለን። ክሬአቲኑ በሁለቱም እኩል ስለሆነ ይጠፋል፣ ትንሽ ጉብታ ብቻ ትቀራለች። ያቺ ጉብታ ናት ጋባ የምትባለው። እሷም ንጹሕ አይደለችም፣ በግምት ግማሽ ያህሏ የሌሎች ትልልቅ ሞለኪውሎች ቅሪት ነው።

አሁን ልጁ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ጭንቅላቱን ትንሽ ቢያንቀሳቅስ ምን ይሆናል? ቅነሳው ይበላሻል። የቀረው ጉብታ የጋባ ይሁን የእንቅስቃሴው መለየት ያቅታል።

ሌላው ደግሞ መላ አንጎሉን አይደለም የምንለካው። 3 ሴንቲ ሜትር በ3 በ3 የሆነች ሳጥን እንመርጣለን፣ መጠኗ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ለዚያች ሳጥን ብቻ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ "አንጎሉን አንስተን የጎደለውን እናውቃለን" ያለሽን ሰውዬ የትኛዋን ሳጥን እንደሚያነሳ ጠይቂው።

ተጠራጣሪው አባት

ማግኔት ቤት ባጭሩ ክሊኒኩ ይዋሻል ነው የምትለው? እኛንም ከ3 ዓመት በፊት እንዲሁ ብለውን ነበር። ሴት ልጄን አስተኝተው አነሱ፣ ባለቀለም ወረቀት ሰጡን፣ "ዶፓሚኗ ከፍ ብሏል" ተባልን። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

ማግኔት ቤት

ወንድሜ የሌላ ሰው ወረቀት ሳላይ አልፈርድም። ግን ዶፓሚን በተለመደው ስፔክትሮስኮፒ አይለካም፣ መጠኑ ከሌሎቹ አንጻር በጣም ትንሽ ነው። ዶፓሚንን በሚመለከት የሚሠራው ፔት በሚባል ሌላ ማሽን ነው፣ እሱም ሬዲዮአክቲቭ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ። ልጅህ መርፌ ተወግታ ነበር?

ተጠራጣሪው አባት

ለማስተኛ ብቻ።

ማግኔት ቤት

እንግዲህ።

ሲናፕስ

ዘገየሁ ይቅርታ። እኔ የምሠራው እንደዚህ ዓይነት መረጃ ትንተና ላይ ነው፣ ማግኔት ቤት ያላቸውን ተራራዎች ሳይ ነው የምውለው። ማለዳ፣ "የኬሚካል መዛባት" የሚለው ነገር ከምን እንደመጣ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰውየው ከባዶ አልፈጠረውም፤ ከእውነተኛ ሳይንስ ላይ አንድ አረፍተ ነገር ቆርጦ ነው የወሰደው።

በ2003 (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ሩበንስታይንና መርዘኒች የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች አንድ ሃሳብ አቀረቡ። አንጎል ውስጥ ነዳጅና ፍሬን አለ። ግሉታሜት ነዳጁ ነው፣ ነርቭ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። ጋባ ፍሬኑ ነው። በአንዳንድ የኦቲዝም ዓይነቶች ነዳጁ ከፍሬኑ አይሎ ይሆናል አሉ። "በአንዳንድ" የሚለውን ቃል አስምሪበት። ሃሳቡ ደስ ይላል፣ ብዙ ነገር ያስረዳል፦ ድምፅ ለምን ይበዛባቸዋል፣ የሚጥል በሽታ ለምን ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። እና ሁሉም ሰው ጋባን ሊለካ ወጣ።

ምን ተገኘ? በልጆች ላይ በተሠሩ በርከት ያሉ ጥናቶች በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ጋባ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በአዋቂዎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት የለም። ዝቅ ብሎ ተገኘ ሲባልም አማካዩ ነው ዝቅ ያለው። የሁለቱን ቡድን ነጥቦች በአንድ ወረቀት ላይ ብታስቀምጪ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ነው የምታዪው። አንዲት ነጥብ አንስቼ "ይቺ ኦቲዝም አለባት ወይስ የለባትም?" ብትዪኝ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አልሻልም። የምርምር ቡድኑ የግል ውጤት አንሰጥም ያለሽ ለዚህ ነው። ደብቀውሽ አይደለም። ለአንድ ልጅ የሚሆን ትርጉም ያለው ቁጥር ስለሌላቸው ነው።

የምወዳት ጥናት የ2016ቷ የካሮላይን ሮበርትሰንና የባልደረቦቿ ናት። ለአንድ ዓይን አንድ ምስል፣ ለሌላው ዓይን ሌላ ምስል ያሳያሉ። አንጎል ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ስለማይችል አንዴ ይሄን አንዴ ያንን እያፈራረቀ ያሳያል፣ አንዱን ለማሳየት ሌላውን ማፈን አለበት። ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ፍርርቁ ቀስ ይልባቸዋል፣ ማፈኑም ደካማ ነው። ኦቲዝም በሌላቸው ሰዎች የማየት ሥራ በሚሠራው ክፍል ጋባቸው የበዛ ማፈናቸውም ይጠነክራል። ኦቲዝም ባላቸው ላይ ግን ይሄ ዝምድና ጠፋ። ጋባው አለ! የጠፋው በጋባው መጠንና በሚሠራው ሥራ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ስለዚህ "የጎደለውን መሙላት" የሚለው ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ስፔክትሮስኮፒ የሚለካው መጋዘን ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ዕቃ ነው። ስንቱ እንደተላከ፣ ስንቱ በር እንደተከፈተለት አያውቅም።

ደጉ ሰው 77

እኔ ግን ለልጄ የጋባ እንክብል ከጀመርኩለት 2 ወር ሆነው፣ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ የሰው ዓይን ማየትም ጀምሯል። ሳይንቲስቶች ያውቃሉ ብለን ስንጠብቅ ልጆቻችን አደጉ እኮ።

ሲናፕስ

ደጉ ሰው፣ ልጅህ መተኛቱ ደስ ይላል፣ ከልቤ ነው። ግን በአፍ የተወሰደ ጋባ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም፣ በመካከል ጥብቅ አጥር አለ። እና አንድ ታሪክ ልንገርህ። ቡሜታናይድ የሚባል ሽንት የሚያሸና መድኃኒት አለ። ነርቭ ሴል ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ስለሚቀንስ ጋባን እንደገና ፍሬን ያደርገዋል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ትንንሾቹ ጥናቶች ጥሩ ነበሩ፣ ወላጆችም "ልጄ ዓይኔን አየኝ" ይሉ ነበር። ከዚያ በድምሩ ከ400 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተደረጉ፣ ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ ማስመሰያ ክኒን ሲወስድ ማን የትኛውን እንደወሰደ ማንም ሳያውቅ። በ2021 ቆሙ። መድኃኒቱ ከማስመሰያው አልተሻለም። ወላጆቹ አልዋሹም፤ ልጆች ያድጋሉ፣ እኛም ተስፋ ስናደርግ አተኩረን እናያለን።

ለማንኛውም እንክብሉን ለሐኪሙ ንገረው፣ በተለይ ሌላ መድኃኒት ካለ።

ደጉ ሰው 77

እሺ እነግረዋለሁ። ግን አላቆምም።

ዝምተኛ ነኝ

ብዙ ጊዜ እዚህ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። እኔ ራሴ ኦቲስቲክ ነኝ፣ 34 ዓመቴ። በፔት ጥናት ተሳትፌ ስለማውቅ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልናገር።

ፔት ከኤምአርአይ ይለያል። ሬዲዮአክቲቭ የሆነ ነገር በጣም በትንሹ በደም ሥር ይሰጥሃል፣ እሱ አንጎል ውስጥ ሄዶ የሚፈለገው መቀበያ (ኬሚካሉ የሚያርፍበት የሴሉ በር) ላይ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ከየት እንደሚያበራ ይቆጥራል። የኔው በካርቦን 11 የተሠራ ነበር። በየ20 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ እዚያው አጠገብ ባለ ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን ይሠሩታል፣ አልጋው ላይ ተኝተህ ትጠብቃለህ፣ ስልክ ይደወላል፣ "ወጣ" ይላሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከባድ የእርሳስ ዕቃ ይዞ በፍጥነት ይገባል። ለኔ ከሁሉም የከበደኝ መጠበቁ ነው። ጊዜው በትክክል አይታወቅም። የተባለው 10:15 ነበር፣ የመጣው 10:52። እነዚያን 37 ደቂቃዎች ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ስቆጥር ነው ያሳለፍኩት፣ በአንዱ ሰሌዳ 144 ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ብዙ አነበብኩ (አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም)። የሚገርመኝ ሴሮቶኒን የሚባለው ሌላ ኬሚካል ታሪክ ነው። በ1961 ሼይንና ፍሪድማን አንዳንድ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደም ውስጥ ሴሮቶኒን ከፍ ብሎ አገኙ። ከዚያ በኋላ ከአራት ወይም ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ ላይ እንደሚታይ ታወቀ። ግን የደም ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም፣ ስለዚህ አንጎሉ ውስጥ ምን አለ የሚለው አልተመለሰም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዳያን ቹጋኒና ቡድኗ በፔት አንጎል ሴሮቶኒን የመሥራት አቅሙን ለኩ። ኦቲዝም በሌላቸው ልጆች እስከ 5 ዓመት ድረስ ከአዋቂ 2 እጥፍ በላይ ነው፣ ከዚያ ይወርዳል። ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ግን ያ ከፍታ የለም፤ ከ2 እስከ 15 ዓመት ቀስ እያለ ይጨምርና ከአዋቂ 1.5 እጥፍ ይደርሳል። ልዩነቱ የብዛት ብቻ አይደለም፣ የጊዜ ነው። በ6 ዓመቱ ብታነሳውና በ14 ዓመቱ ብታነሳው ሌላ ታሪክ ነው የምታነበው። እና "ጎደለ" የሚሉ ሰዎች ከማን አንጻር፣ በስንት ዓመቱ የሚለውን አይናገሩም።

"ጉድለት" የሚለውን ቃልም አልወደውም። ግን እሱ ሌላ ክር ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በጥናቱ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደኔ የሚናገሩ፣ መመሪያ የሚረዱ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት የሚችሉ ነበሩ። የማይናገረው የአክስቴ ልጅ እዚያ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ከዚያ ውጤቱ ሲወጣ "በኦቲዝም ይህ ተገኘ" ይባላል። በማን ኦቲዝም?

ማለዳ

ዝምተኛ ነኝ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ልጄን ሳስበው የጨነቀኝ እሱ ነው፣ መጠበቁ። ልጁን አስተኝተው ማንሳት አይቻልም ወይ? ክሊኒኩ "አስተኝተን ነው" ብሎኛል።

ማግኔት ቤት

ማለዳ፣ ለተራ ምርመራ፣ ሐኪም ያዘዘው አስቸኳይ ነገር ከሆነ፣ ማስተኛት የተለመደ ነው። ኬሚካል ለመለካት ግን አስቂኝ ነገር አለው። ለማስተኛት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፕሮፖፎል የሚሠራው ምን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጋባ መቀበያ ላይ። ፍሬኑን ረግጠህ የፍሬኑን ጤንነት መለካት ነው። በዚያ ላይ ማደንዘዣ የራሱ አደጋ አለው፣ ያለ ሕክምና ምክንያት ማንም ልጅሽን አያስተኛ።

ደህና የምርምር ቡድኖች የሚያደርጉት ሌላ ነው። የውሸት ማሽን አላቸው፣ ማግኔት የሌለው ቱቦ ነው። ልጁ ይገባል፣ ይወጣል፣ ድምፁን በድምፅ ማጉያ ይለቁለታል። ኤምአርአይ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊጮህ ይችላል፣ የጆሮ መድፈኛ ግዴታ ነው፣ ለአንዳንድ ልጅ መድፈኛው ራሱ ከድምፁ የባሰ ነው፣ እሱንም ቤት ውስጥ መለማመድ አለበት። እምቢ ካለ እምቢ ነው። "አንዴ ጀምረናልና" የሚል ቡድን ካጋጠመሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ተጠራጣሪው አባት

ሁሉንም አነበብኩት። ንዴቴ ጨመረ እንጂ አልበረደም። ከ1961 ጀምሮ ይለካሉ፣ ደም ለኩ፣ ጋባ ለኩ፣ ሴሮቶኒን ለኩ። ለልጄ ምን ተረፋት? አንድ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ። ታዲያ ማለዳ ልጇን ለምን ታስገባለች?

ሲናፕስ

ንዴትህ ይገባኛል፣ ብዙም አልከራከርህም። ሁለት ነገር ብቻ።

አንድ፣ መለካት የሚጠቅመው አንዳንዴ ስህተትን ለማፍረስ ነው። በ2013 አንድ የፔት ጥናት ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት የጋባ መቀበያ ቀንሷል አለ። ስንት ሰው ነበር? 3 ኦቲዝም ያላቸው፣ 3 የሌላቸው። በ2018 ሰው በዝቶ ሲሠራ ልዩነቱ የለም። ያ ባይደገም ኖሮ የዛሬው ክሊኒክ "መቀበያው ቀንሷል" እያለ ሌላ እንክብል ይሸጥ ነበር። በቅርቡ ደግሞ በ12 ኦቲስቲክ አዋቂዎች ላይ በተሠራ የፔት ጥናት የነርቭ መጋጠሚያዎች ጥግግት 17 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ታይቷል። በጣም ያጓጓኛል። ግን 12 ሰው ነው፣ ሲደገም እስካየው ድረስ ልቤን ይዤዋለሁ።

ሁለት፣ በ2017 የወጣ ጥናት አለ። ሪሉዞል የሚባል፣ ግሉታሜትና ጋባ ላይ የሚሠራ መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኦቲዝም ላላቸውና ለሌላቸው ወንዶች ተሰጠ፣ ከዚያ በስፔክትሮስኮፒ የፊት አንጎላቸው ተለካ። በአንደኛው ቡድን የጋባ ድርሻ ወጣ፣ በሌላው ወረደ። ያው ክኒን በተቃራኒ አቅጣጫ! ይሄ ሕክምና አይደለም፣ ባህሪያቸው ተሻሻለ አልተባለም። ግን በጤናማ ሰው ላይ የተሞከረ መድኃኒት ልጅህ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት እንደማይቻል ያሳያል፣ ማሽኑም ያንን ሊያይ ይችላል። ለኔ የዚህ ሁሉ ምስል ጥቅም እዚያ ነው ያለው፣ መድኃኒት ያሰበው ቦታ ደርሶ እንደሆነ፣ ለማን እንደሠራና ለማን እንዳልሠራ ማየት። ልጅን በፎቶ መመርመር ላይ አይደለም። ኦቲዝም ዛሬም የሚታወቀው ልጁን በማየትና ወላጁን በመጠየቅ ነው።

ተጠራጣሪው አባት

ቢያንስ አልዋሸሽኝም።

ማለዳ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ክሊኒኩ ደወልኩ። "የትኛውን የአንጎል ክፍል ነው የምትለኩት?" አልኩ፣ "ሁሉንም" አለኝ። "ስፔክትሮስኮፒ ነው?" አልኩ፣ ትንሽ ዝም ብሎ "የኛ ከዚያ የላቀ ነው" አለ። "ከስንት የ9 ዓመት ልጆች ጋር ነው የምታወዳድሩት?" ስለው ሐኪሙ ይደውልልሻል አለኝ። እስካሁን አልደወለም።

ምርምሩ ጋ ግን ሄድን፣ ለሙከራ ብቻ። የማሽኑን ድምፆች ልከውልን ስለነበር ልጄ ጠረጴዛ ሥር ብርድ ልብስ ዘርግቶ፣ የጆሮ መድፈኛውን አድርጎ፣ ተኝቶ ይሰማቸዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። አራተኛውን አይወደውም፣ ሲመጣ እጁን ያነሳል፣ እኔ አጠፋለሁ። የውሸት ቱቦው ውስጥ ለ6 ደቂቃ ተኛ። ስድስት! ሲወጣ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የጋባው ድምፅ የትኛው ነው?" እኔ ምን አውቃለሁ። ማግኔት ቤት፣ አንተ ታውቃለህ?

ማግኔት ቤት

ይሄን ጥያቄ በ11 ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ አውቃለሁ። ከሌሎቹ ይልቅ ዝግ ያለው ነው፣ በየ2 ሰከንዱ አንዴ እየመታ የሚቆየው። በብዙ ቦታ 320 ጊዜ ይመታል፣ ወደ 11 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከፈለገ ይቁጠር በይው። ግን በልቡ፣ መንጋጋው እንዳይንቀሳቀስ።